ማስረጃ አምጡ ብሎ የማያንገላታ ችሎት

ፍርድ ቤት የተመላለሰ ሰው ያውቀዋል። ሰነድ አምጣ ይባላል። ሰነዱ ሲገኝ ምስክር ይጎድላል። ምስክሩ ሲገኝ ዳኛው ስብሰባ ላይ ናቸው። እንዲህ እያለ ዓመቱ ይጠባል፣ ጫማው ያልቃል። ለዚህ ሁሉ መንገላታት መፍትሔ ያበጁ ሰዎች ግን ነበሩ። የሚገባቸውን ምስጋና ሳያገኙ 300 ዓመት አለፋቸው። ዛሬ እኔ ላመስግናቸው።

ሰዎቹ የአሜሪካዋ ማሳቹሴትስ ፒዩሪታኖች ናቸው። ከእንግሊዝ ባሕር ተሻግረው የመጡ፣ እግዜርን የሚፈሩ፣ ጨዋታ የማይወዱ። ገና ያከበረ አምስት ሽልንግ ይቀጣ የሚል ሕግ አውጥተው ከ1659 እስከ 1681 ሠርተውበታል። (ዘመኑና ቀኑ ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው።) ከእንዲህ ያለ ሕዝብ መሀል የወጣ የጠንቋዮች ችሎት ቀልድ አያውቅም።

ነገሩ የተጀመረው በጥር 1692፣ ሳሌም መንደር፣ ፓስተር ሳሙኤል ፓሪስ ቤት ነው። የፓስተሩ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ቤቲና አብራቸው የምትኖረው የ11 ዓመቷ አቢጌይል ዊሊያምስ ይንፈራገጡ፣ ይጮኹ፣ የማይገባ ነገር ይናገሩ ጀመር። ሐኪም ተጠራ። መረመረ። ምንም አላገኘም። የዛሬ ሐኪም ቢሆን ሪፈር ጽፎ ይሸኛቸው ነበር። ያኛው ግን ቆራጥ ሰው ነው፤ “ክፉ እጅ ነው” ብሎ አረፈው፤ ጥንቆላ ማለቱ ነው።

አንዲት ጎረቤት ደግሞ ምርመራውን አንድ ደረጃ ከፍ አደረገችው። የልጆቹ ሽንት በዱቄት ይለወስ፣ ረመጥ ውስጥ ይጋገር፣ ለውሻ ይሰጥ አለች። ያኔ ጠንቋይዋ ማን እንደሆነች ትታወቃለች። ተጋገረ፤ ውሻው ቀረበለት። ላቦራቶሪ ይሏል ይሄ ነው። ፓስተሩ ሲሰማ ሴትየዋን በጉባኤ ፊት ገሠጻት። ሰይጣንን ለመያዝ ሰይጣንን ማማከር ነውር ነው አላት። ልክ ነው። እንዲህ ያለው ሥራ ለመንግሥት ይተዋል።

ክፉ አሳቢዎች እዚህ ላይ የማገዶ ነገር ያነሳሉ። በጥቅምት 1691 የመንደሩ ኮሚቴ ለፓስተሩ ደሞዝ ግብር አንሰበስብም ብሎ ነበር። ብርዱ ጠንቶ የፓስተሩ ማገዶ እየመነመነ ነበር። መንደሩም ለሁለት ተከፍሏል፤ የፐትናም ቤተሰብ ከፓስተሩ ጋር፣ የፖርተር ወገን በዚያ በኩል። ከዚያ በኋላ ከጎረፉት ክሶች መካከል ብዙዎቹ ላይ የፈረመው ቶማስ ፐትናም ነው። አጋጣሚ ነው እንጂ ሌላ ምን ይሆናል? ሰይጣን መንደር የሚገባው በወሰን ድንጋይ በኩል ነው ያለ ሰው የለም።

የመጀመሪያዎቹን ተከሳሾች አመራረጥ ሳላደንቅ አላልፍም። በየካቲት 29 የመያዣ ትእዛዝ የወጣው በሦስት ሴቶች ላይ ነው። አንዷ ቲቱባ፣ የፓስተሩ ባሪያ። ሁለተኛዋ ሳራ ጉድ፣ ቤት ለቤት የምትለምን፣ ካልሰጧት እያጉረመረመች የምትሄድ። ሦስተኛዋ ሳራ ኦስቦርን፣ ታማ ቤተ ክርስቲያን ከቀረች ከዓመት በላይ የሆናት። ጠበቃ የሚያቆምላቸው የለም፣ ሰሚ የላቸውም፣ ወዳጅም የላቸውም። እኛ አገር አንጥረኛውና ሸክላ ሠሪዋ ቡዳ ተብለው ሲታሙ እየሰማ ላደገ ሰው ይህ ጥበብ ወዲያው ይገባዋል። ሰይጣን ምን ጊዜም ቢሆን አቅም የሌለው ሰው ቤት ነው የሚያድረው። ሀብታም ቤት ካደረ ስሕተት ተፈጥሯል ማለት ነው፤ ይጣራል።

ሁለቱ ሴቶች ካዱ። ቲቱባ ግን የችሎቱን ጠባይ ከሁሉም ቀድማ ተረዳች። አዎ አለች። ጥቁር ልብስ የለበሰ ረጅም ሰው፣ ቢጫ ወፍ፣ ጥቁር ውሻ፣ በእንጨት ላይ ተቀምጦ በአየር መሄድ፣ ሁሉንም አወረደችላቸው። ሰውየው መጽሐፍ ይዟል፣ መጽሐፉ ላይ ዘጠኝ ምልክት አለ አለች። የሁለቱን ባለቤቶች ተናገረች፤ ጉድና ኦስቦርን። የቀሩትስ? ይህን ያህል ሥራ ለአንድ መንደር በአንድ ጥያቄ የፈጠረ ሰው ከዚያ ወዲህ አላየሁም። ያጣ አገር ሥራ ፈጣሪ ይፈልጋል፤ ሳሌም አገኘ።

ከዚያማ ማን ያቁመው። ሳራ ጉድ ዶሮቲ የምትባል የአራት ወይም የአምስት ዓመት ልጅ ነበረቻት። እሷም ተከሰሰች። በዚያ ዕድሜ ዶሮቲ ጠንቋይነትን መማሯን ዳኞቹ አላጣጣሉም፤ እንደ ትልቅ ሰው አክብረው ጠየቋት። አክብረውም እስር ቤት በሰንሰለት አሠሯት። ሰንሰለት የጠንቋይን መንፈስ ከመውጣት ያግዳል ይባል ነበር። የሰንሰለቱን ዋጋ ደግሞ ችሎቱ አይከፍልም። የእስረኛው ሂሳብ ላይ ይጻፋል፣ ከምግቡ ጋር። ነጻ የተባለ ሰው እንኳ ሂሳቡን ካልዘጋ አይወጣም። ሆቴል እንዲህ ነው እኮ።

አሁን ወደ ዋናው ፈጠራ ልምጣ። ማንኛውም ፍርድ ቤት የሚቸገረው “በዕለቱ ሌላ ቦታ ነበርኩ” በሚል ተከሳሽ ነው። ሳሌም ይህን ችግር ከሥሩ ነቀለው። አንቺ ቤትሽ ተኝተሽ ሊሆን ይችላል፤ አንቺን የመሰለው መንፈስ ግን መጥቶ ልጅቷን ቆንጥጧታል። መንፈሱን ያየችው ልጅቷ ብቻ ናት። ዳኛው አላየም፣ ተመልካቹ አላየም፣ ሊያይም አይችልም። ስለዚህ የሚያስተባብል የለም። ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ የሚሉ አሉ። ኩበቱ ግን በየቀኑ ይገኝ ነበር፤ ለዚያውም ትኩስ።

መጋቢት 24 ቀን ሪቤካ ነርስን አቀረቧት። የ71 ዓመት አሮጊት ናት፣ ጆሮዋ በደንብ አይሰማም፣ በመንደሩ የተከበረች። ደክሟት አንገቷን ወደ አንድ ጎን ዘንበል አደረገች። ወዲያው ከከሳሾቹ ልጆች የአንዷ አንገት ተጠመዘዘ። አቢጌይል “አንገቷን አቅኑላት፣ አለዚያ የልጅቷ አንገት መሰበሩ ነው!” ብላ ጮኸች። አሮጊቷን ያዟትና አንገቷን አቀኑት። የልጅቷም ቀና። ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋለህ? ሌላዋ ተከሳሽ ማርታ ኮሪ ከንፈሯን ስትነክስ ደግሞ ልጆቹ ተነከስን ብለው የጥርስ ምልክት ያሳዩ ነበር። ሱዛና ማርቲን የተባለችው ልጆቹን አይታ ሳቀች። ለምን ትስቂያለሽ ሲሏት፣ እንዲህ ያለ ቂልነት እያየሁ ለምን አልስቅም አለች። በሐምሌ ተሰቀለች። በችሎት መሳቅ ድሮም ጥሩ አይደለም።

በግንቦት የተቋቋመው ልዩ ፍርድ ቤት ሰብሳቢው ዊልያም ስቶውተን ነበሩ። ቅልጥፍናቸውን ተመልከቱ። ብሪጅት ቢሾፕ ሰኔ 2 ቀረበች። ጠዋት ሴቶች ገላዋን ፈትሸው ሰይጣን የሚጠባው የሚሉትን ዓይነት ትርፍ ሥጋ አገኙ። ከሰዓት በኋላ ደግመው ፈተሿት፤ የለም። ሌላ ፍርድ ቤት ቢሆን “ጠዋት ያያችሁት ምንድን ነው?” ተብሎ ጊዜ ይባክን ነበር። እሷ ሰኔ 10 ቀን ተሰቀለች። ስምንት ቀን ብቻ።

ሳራ ጉድ ስትዳኝ የሆነውን ግን ደጋግሜ ባነበው አልጠግበውም። አንዲት ልጅ ወድቃ ተንፈራገጠች። ስትነቃ የጉድ መንፈስ በቢላ ወጋኝ አለች። ቢላውም ተሰበረ ብላ የስለቱን ስባሪ አወጣች። አንድ ጎረምሳ ከመሀል ተነሳ። ቢላው የኔ ነው አለ። ትናንት ተሰብሮብኝ ስባሪውን ስጥል ይቺ ልጅ ቆማ ታየኝ ነበር ብሎ እጀታውን ከተረፈው ስለት ጋር አሳየ። ገጠሙት፤ ገጠመ። ዳኞቹ ምን አደረጉ? ልጅቷን ከእንግዲህ እንዳትዋሽ መከሯት። ከዚያ ምስክርነቷን እንድትቀጥል አደረጉ። ይቅር ባይነት ማለት ይህ ነው። ምስክር ውሸቷ በአደባባይ ቢያዝ እንኳ ሌላ ሁለት ሰው ላይ እንድትመሰክር ዕድል መስጠት፣ የትኛው ዘመናዊ ፍርድ ቤት ያደርገዋል?

የካፒቴን ጆን ኦልደንም እንዲሁ ነው። የታወቀ የቦስተን የመርከብ ሰው ነው። ሳሌም ጠሩት። ከሳሾቹ ያሠቃያችሁ ማነው ተባሉ። አንዷ ደጋግማ ወደ ሌላ ካፒቴን ጠቆመች። ከኋላ ደግፎ የያዛት ሰው ጎንበስ ብሎ ጆሮዋ ላይ አንድ ነገር አላት። ወዲያው “ኦልደን! ኦልደን ነው!” ዳኞቹ ኦልደንን ከዚህ በፊት አይተሽው ታውቂያለሽ አሏት። የለም አለች። ታዲያ በምን አወቅሽው? ሰውየው ነገረኝ አለች። ይህን በመሰለ ግልጽነት የምትመልስ ምስክር ማግኘት ከባድ ነው። ሁሉም ወደ መንገድ ይውጡ ተባለ፣ ክብ ሠርተው ቆሙ። አሁን ልጅቷ ባርኔጣውን ሳያወልቅ በድፍረት የቆመው እሱ ነው አለች። ኦልደን ከዳኞቹ ለአንዱ፣ እኔ ሳያቸው እነሱ የሚወድቁ ከሆነ አንተን ሳይህ ለምን አትወድቅም አለው። ዳኛው መልስ አልነበረውም። ሊኖረውም አይገባም፤ ጠያቂው እሱ ነው። ኦልደን እስር ቤት ገባና ቆይቶ አምልጦ ጠፋ። ማምለጫ ያለው ሰው ከችሎቱ ዕድል የሚያገኘው እንዲህ ነው።

ፍትሑ ግን ለሁሉም እኩል በር ከፍቷል። በሩ አንድ ነው፤ “አዎ፣ ጠንቋይ ነኝ” ማለት። አዎ ያለ ሌሎችን ይጠቁማል፣ ይቆያል፣ በሕይወት ይኖራል። አይደለሁም ያለ ይሰቀላል። ሃምሳ ገደማ ሰዎች አዎ ብለው ነበር፤ በዚያ ቃላቸው ከጸኑት አንድም አልተሰቀለም። ሳሙኤል ዋርድዌል የተባለው አዎ ካለ በኋላ ሕሊናው ቆረቆረውና ውሸቴን ነው አለ። እሱን ሰቀሉት። እግዜር ዋሽታችሁ እንዳትገኙ እያለ በሚሰበክበት አገር እውነት የተናገረ ገመድ፣ የዋሸ ዳቦ። የዚህን ያህል ሥርዓት ያለው ነገር በአጋጣሚ አይገኝም።

ሪቤካ ነርስን ጁሪው፣ ማለትም ከሕዝብ ተመርጠው የሚፈርዱት ሰዎች፣ መጀመሪያ ነጻ ብሏት ነበር። ልጆቹ ጩኸታቸውን ለቀቁት። ስቶውተን አንድ የተናገረችውን ነገር አጤናችሁታል ወይ ብለው ጁሪውን መለሱት። ጁሪው ተመልሶ ምን ማለትሽ ነበር ብሎ ጠየቃት። አልሰማቻቸውም፤ ጆሮዋ። ዝም አለች። ጥፋተኛ ተባለች። ሐምሌ 19 ቀን ከሳራ ጉድና ከሌሎች ሦስት ሴቶች ጋር ተሰቀለች። ጆርጅ በሮውስ የተባለው ፓስተር ደግሞ ነሐሴ 19 ገመዱ ሥር ቆሞ አባታችን ሆይን ሳይሳሳት ወጣው። ጠንቋይ ይህን ጸሎት ሳይሳሳት መጨረስ አይችልም ይባል ነበርና ሕዝቡ አጉረመረመ። በፈረስ ላይ የነበረው ሰባኪ ኮተን ማዘር፣ ሰይጣን የብርሃን መልአክ መስሎ ይመጣል ብሎ አረጋጋቸው። ቢሳሳት ጠንቋይ፣ ባይሳሳት ይበልጥ ጠንቋይ። ፈተና እንዲህ ሲወጣ ኩረጃ አያሰጋም።

ጃይልስ ኮሪን ሳላነሳ ብቀር አይምረኝም። ሰማንያ ዓመት ገደማ የሆነው ገበሬ ነው። ሚስቱ ማርታ ስትያዝ እሱም የበኩሉን አዋጣ። ማታ ማታ እሳቱ ዳር ትንበረከካለች፣ የምትጸልይ ትመስላለች፣ ግን ድምፅዋን አልሰማም ብሎ ቃል ሰጠ። በወሩ እሱም ተያዘ። ችሎት ሲቀርብ ግን ክሱን እንዲህ ነኝ ብሎ አልመልስም አለ። መልስ የሌለው ክስ ደግሞ አይታይም። ስለዚህ መስከረም 19 ቀን ደረቱ ላይ ድንጋይ ጫኑበት፣ እንዲመልስ። ሞተ እንጂ አልመለሰም። “ተጨማሪ ጫኑ” ብሏል ይባላል። ከሦስት ቀን በኋላ ማርታ ተሰቀለች።

ኢኮኖሚውም አልተረሳም። ሸሪፉ ጆርጅ ኮርዊን የአንደኛው ዳኛ የወንድም ልጅ ነበር። ጆን ፕሮክተርና ሚስቱ እንደተያዙ ቤታቸው ገብቶ ከብቱን ወሰደ። የቢራውን በርሜል ገልብጦ በርሜሉን ወሰደ። ድስት ውስጥ የነበረውን ሾርባ ደፍቶ ድስቱን ወሰደ። ልጆቹ እዚያው ቤት ነበሩ። ሾርባውን ለልጆቹ መተው ድስቱን ያዘገየዋል።

አንዶቨር የተባለው ጎረቤት ከተማም ከሳሌም ልጆች ትምህርት ወሰደና ከ40 በላይ ሰው ተከሰሰበት። እዚያ የመያዣ ትእዛዝ የሚፈርመው ዳድሊ ብራድስትሪት ከብዙ ፊርማ በኋላ በቃኝ አለ። ሳይውል ሳያድር እሱ ራሱ ጠንቋይ ተባለና ሸሸ። እዚያው የተጠቆመ አንድ የቦስተን ሰው ደግሞ የሺህ ፓውንድ የስም ማጥፋት ክስ እመሠርታለሁ ብሎ ወረቀት ላከ። በአንዶቨር ጠንቋይ ድራሹ ጠፋ። ለካ ሰይጣን የሚፈራው መስቀል ሳይሆን የካሳ ክስ ነው።

ወሬው ሽቅብ ሲወጣ ደግሞ አስገራሚ ነገር ታየ። የአገረ ገዥው የዊልያም ፊፕስ ሚስት ስም ሳይቀር ይነሳ ጀመር ተብሏል። አገረ ገዥው በጥቅምት ልዩ ፍርድ ቤቱን በተኑት። ኢንክሪስ ማዘር የተባለው ታላቅ ሰባኪ፣ አንድ ንጹሕ ሰው ከሚፈረድበት አሥር የተጠረጠሩ ጠንቋዮች ቢያመልጡ ይሻላል ብሎ ጻፈ። ጥሩ ቃል ነው። ከመጻፉ በፊት 19 ሰው ተሰቅሏል፣ አንድ በድንጋይ ተጨፍልቋል። ነገሩ እስኪያበቃ ደግሞ ቢያንስ አምስት እስር ቤት ሞተዋል፤ ከእነሱ አንዱ የሳራ ጉድ ጡት የሚጠባ ልጅ ነው። በጥር 1693 የመንፈስ ምስክርነት የማይቀበል አዲስ ፍርድ ቤት ተቀመጠ። ከ50 በላይ ሰዎች ላይ ሦስት ብቻ ጥፋተኛ አገኘ፤ እነሱንም ፊፕስ አዳኗቸው። ስቶውተን ተቆጡ። አገሩን ልናጸዳው ስንል አሰናከሉን ብለው ወንበሩን ትተው ወጡ።

ስለ መንስኤው ፈረንጆች ዛሬም ይከራከራሉ። በ1976 የወጣ ጥናት፣ በዳቦ እህል ላይ የሚበቅል ሻጋታ ልጆቹን አስቶአቸው ይሆናል አለ። ብዙዎች አልተቀበሉትም። እኔ ግን ወደድኩት። ሰው ሁሉ ተከሶ ሲያልቅ ዳቦው ይከሰስ።

ከዚያ ይቅርታ መጣ። በ1697 ዳኛው ሳሙኤል ሱወል በቤተ ክርስቲያን ተነስቶ ቆመ፣ ጥፋቴ ነው የሚለው ወረቀቱ ተነበበ። 12 ጁሪዎች ፈርመው ይቅርታ ጠየቁ። ከዋነኛ ከሳሾች አንዷ የነበረችው አን ፐትናም ደግሞ በ1706፣ ሰይጣን አሳስቶኝ ነው አለች። ጥፋቱ መጨረሻ ላይ ወደ ተጀመረበት ሰው ዞረ ማለት ነው፤ ወደ ሰይጣን። ስቶውተን ይቅርታ አልጠየቁም። ጊዜም አልነበራቸውም፤ ግዛቲቱን በተጠባባቂ ገዥነት ያስተዳድሩ ነበር። በስማቸው የተሰየመ ከተማ ዛሬም ማሳቹሴትስ ውስጥ አለ።

በ1711 ግዛቲቱ የብዙዎቹን ፍርድ ሻረች፤ ካሳም 578 ፓውንድ ከ12 ሽልንግ መደበች። ብሪጅት ቢሾፕና ሱዛና ማርቲን በዝርዝሩ አልነበሩም፤ ስማቸው በሕግ የጸዳው በ2001 ነው። ኤልሳቤጥ ጆንሰን የተባለችው የመጨረሻዋ በ2022፣ ያውም የስምንተኛ ክፍል ተማሪዎች ጉዳዩን ስላነሱት። ፍርዱ ስምንት ቀን፣ መሻሪያው 300 ዓመት። ቀጠሮ ማለት ይህ ነው።

ከካሳው ተቀባዮች አንዱ ዊልያም ጉድ ነበር፣ የሳራ ጉድ ባል። በመጋቢት 1692 ዳኞቹ ሚስቱን ሲጠይቁት፣ ጠንቋይ ናት፣ ካልሆነችም በቅርቡ ትሆናለች ብዬ እፈራለሁ ብሎ ነበር። በ1710 ባቀረበው ማመልከቻ፣ ሚስቱ መገደሏን፣ ጨቅላው እስር ቤት መሞቱን፣ ዶሮቲም በሰንሰለት ቆይታ አእምሮዋ ተነክቶ ብዙ ወጪ እንዳስወጣችው ገለጸ። ችሎቱ የማይረሳው ውለታ አለና 30 ፓውንድ ተቆጥሮለት ተቀበለ።